ያጠራቀምነውን ፌስታል አናቃጥለው፤ እርጥብ ቆሻሻም አንቋጥርበት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከከለከለ ወዲህ፣ በባሕር ዳር በየመንደሩ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ነጋዴው ከእንግዲህ ፌስታል አይስጠን፣ እሺ፤ በየቤታችን ያለውን ግን ምን እናድርገው? ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር እንደሚቀጣ መጻፉ ከተሰማ በኋላ፣ ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር እየገዘፈ ሄዶ «ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው» እስከ መባል ደርሷል። በእኛ መንደር ቅጣቱን ፈርተው ለዓመታት ያስቀመጡትን ፌስታል ጓሮ አውጥተው ያቃጠሉ አሉ። ጭሱም ከአጥር አልፎ እኛ ቤት ገብቷል።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ታጥቦ፣ ደርቆና ታጥፎ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ፌስታል ማንንም አይጎዳም። ቦይ የሚደፍነው፣ የላም ሆድ የሚዘጋው፣ በመጨረሻም ጣና የሚገባው የድንች ልጣጭና የወጥ ትራፊ ተቋጥሮበት ከበር የወጣው ነው። ስለዚህ አዋጁም፣ ከተማ አስተዳደሩም፣ እኛ የቤት እመቤቶችና አባወራዎችም ዓይናችንን መጣል ያለብን ፌስታሉ ከቤት ሲወጣ በሚሰጠው በዚያ በመጨረሻው አገልግሎት ላይ ነው እላለሁ።

ፌስታል በቤታችን እንዴት እንደሚቀመጥ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ከማድ ቤቱ በር ጀርባ በምስማር ላይ አንድ ትልቅ ፌስታል ይሰቀላል፤ ሆዱም በሌሎች ፌስታሎች ይነፋል። ከልብስ ሱቅ የመጣው፣ ወፈር ያለውና መያዣው ያልተበጠሰው ግን ተለይቶ ከፍራሽ ሥር ይገባል፤ ዘመድ ጥየቃ ሲኬድ ዳቦ ወይም ስኳር የሚያዝበት እሱ ነውና። የቀረው በጋን አፍ ላይ ይታሰራል፣ የተቦካ ሊጥ ይሸፈንበታል፣ የቤት ካርታና የልደት ምስክር ወረቀት ከእርጥበት ይጠበቅበታል፣ በክረምት የልጆች ደብተር ይጠቀለልበታል፤ የተቀደደው ደግሞ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅጥቆ ኳስ ይሆናል። ይህን ልማድ የድህነት ወይም የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚስቁበት ወጣቶች ገጥመውኛል። እኔ ግን አሥር ጊዜ ያገለገለ ፌስታል ሌሎች ዘጠኝ ፌስታሎች ከሱቅ እንዳይመጡ አድርጓል ባይ ነኝ። እናቶቻችን ይህን ያደረጉት ስለ አካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ወስደው ሳይሆን ዕቃ መጣል ስለማይወዱ ነው፤ ለዚህም ሊወቀሱ አይገባም።

እርግጥ ነው፣ ደግሞ መጠቀምም ወሰን አለው፤ ይህን በተመለከተ ቸልተኝነታችን ከባድ ነው። ትኩስ ወጥና ከምጣድ የወረደ ሽሮ በፌስታል ቋጥሮ መላክ በከተማችን ተራ ነገር ሆኗል። ፌስታል ከፈላ ውኃ ሙቀት ብዙም ባልራቀ ሙቀት የሚልፈሰፈስ ነገር ነው፤ በውስጡ የተጨመሩት ማቅለሚያዎችና ኬሚካሎችም ከሁሉ ይልቅ ትኩስና ቅባት ወዳለው ምግብ ይሻገራሉ። ይልቁንም ጥቁሩ ኩርቱ ፌስታል ብዙ ጊዜ ከዚህም ከዚያም የተለቀመ ፕላስቲክ ቀልጦ የሚሠራ ስለሆነ (ጥቁረቱም የቀድሞውን ቀለም ለመሸፈን ይጠቅማል) እንኳን ለወጥ ለዳቦም አይሆንም። ጥሬ ሥጋ ወይም ዓሣ የመጣበት፣ ነጭ ጋዝ ወይም ፀረ አረም የተያዘበት ፌስታል ምንም ቢታጠብ ወደ ምግብ አይመለስ። ለደረቅ ነገር የዋለው ግን በሳሙና ታጥቦ፣ ተገልብጦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ውስጡ ጠብ የሚል ውኃ ሳይቀር ከደረቀ ብዙ ያገለግላል፤ እርጥቡን ያጠፉት እንደሆነ ግን ይሻግታል፣ ቀጥሎ የሚገባበትንም እህል ያበላሻል። ሕፃናት በፌስታል እንዳይጫወቱ መጠበቅም የግድ ነው፤ ፊታቸው ላይ ቢለጠፍ ያፍናቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአብዛኛው ቤታችን የቆሻሻ ቅርጫት የሚባል ነገር የለም፤ ቅርጫቱ ራሱ ፌስታል ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የጎመን እንጨት፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አመድ፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይገባና አፉ ጥብቅ ተደርጎ ይቋጠራል። ከቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው በራሱ ጊዜ በስብሶ አፈር የሚሆን ነው፤ እኛ ግን አፈር የሚሆነውን አፈር በማይሆነው ውስጥ አስረን እንሰጣለን። አየር ያገኘ ልጣጭ ይደርቃል ወይም ይበሰብሳል፤ አየር ያጣው ግን ይብላላል፣ ውኃ ያወጣል፣ ይገማል። በዚህ መንገድ ልጣጩም ለማዳበሪያ አይሆንም፣ ፌስታሉም ተመልሶ ለፋብሪካ አይሆንም። ሁለት ጥቅም የነበራቸው ነገሮች ተቋጥረው አንድ ጥቅም የለሽ ነገር ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማለዳ ከቤቱ የሚወጣ ሁሉ ያየዋል። ጋሪው ባልመጣበት ቀን ፌስታሉ ከአጥር ሥር ያድራል፣ ሌሊት ውሻ ይዘነጥለዋል፣ ሲነጋ ደግሞ በከተማው ጎዳና እንዳሻቸው የሚሄዱት ላሞች ይደርሳሉ። ላሚቱ ፌስታሉን የምትውጠው በውስጡ ያለው የጨውና የፍርፋሪ ሽታ ስቧት ነው፤ እንደ ሣር አታመነዥከው፣ አትፈጨው፣ በኋላ በኩልም አይወጣላት። አንድ ዓመት ለፋሲካ ቅርጫ ገብተን በሬው ታርዶ ጨጓራው ሲታጠብ፣ እንደ ገመድ የተገመደ፣ ጥቁርና ቢጫው የሚለይ የፌስታል ጥቅል ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጨጓራውን የሚያጥቡት ሴቶች ጣታቸውን አስገብተው መጎተት ነበረባቸው። በሬው ከውጭ ሲታይ ሆዱ የሞላ፣ የወፈረ ይመስል ነበር። ዋጋ የተከራከርነውም በዚያው ግምት ነበር።

ላም ያልደረሰበት ፌስታል ቦይ ይደርሰዋል። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች የዝናብ ውኃ በቁልቁለት ኃይል ተገፍቶ አይሄድም፤ ቀስ እያለ ነው የሚፈስሰው። በእንዲህ ያለ ቦታ ቱቦ አፍ ላይ የተቀረቀሩ ጥቂት ፌስታሎች አንድን መንገድ ወደ ኩሬ ለመለወጥ ይበቃሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤታቸው ውኃ የሚገባባቸው ሰዎች ይህን ከእኔ በተሻለ ይናገራሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ በየቦዩ ተገድቦ የሚቀረው ውኃም የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ በመስከረምና በጥቅምት በየጤና ጣቢያው የሚሰለፈው ሰው ለምን እንደሚበዛ የሚጠይቅ ሰው ቦዮቻችንን ቢያይ ከመልሱ አንዱን ያገኘዋል።

የቀረው ጣና ነው። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ሥፍራው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ከውኃ የሚቀል በመሆኑ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል፣ ደንገሉ ውስጥ ይጠላለፋል፤ ደለል ሲጫነው ደግሞ ይሰምጣል። ፀሐይ የመታው እየደረቀ ይሰባበራል፤ ይሰባበራል እንጂ አይጠፋም፤ ቁርጥራጩ ለዓይን እስኪያዳግት ያንሣል፣ ዓሣም ይበላዋል። ከደብረ ማርያም አጠገብ ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ ደግሞ ከውኃው ጋር አብሮ የሚሄደውን ይዞት ይወርዳል። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በሌላ ዓለም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም ያሉት እዚሁ ነው። እምቦጭ ሐይቁን ሲወርር ከከተማም ከገጠርም ተጠራርተን፣ እስከ ወገባችን ውኃ ውስጥ ገብተን በእጃችን ነቅለናል። እምቦጭ ግን ተነቅሎ ዳር ሲከመር ይደርቃል፣ ይበሰብሳል። ከሥሩ ጋር ተጠላልፎ የወጣው ፌስታል ክምሩ አፈር ከሆነም በኋላ እዚያው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማቃጠል አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ኅዳር 12 እየደረሰ ነውና። «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ በ1911 ዓ.ም. በአገራችን የገባው የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰበት ጊዜ የቆየ መታሰቢያ ነው፤ ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል በሽታውን ያባርራል ተብሎ ታምኖበት ነበር። በዚያ ዘመን ከግቢ ተጠርጎ የሚወጣው ቅጠል፣ ገለባ፣ የእንጨት ፍርፋሪና አሮጌ ጨርቅ ነው። ዛሬ በየአጥሩ ሥር ከምናነደው ክምር ግማሹ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የላስቲክ ጫማና የሽቦ ልባስ ነው። በጓሮ እሳት ፕላስቲክ አጥርቶ አይነድም፤ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል፣ እንደ ሽቦ ልባስ ያለው ሲቀላቀልበት ደግሞ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት መንደር ይህን ማጨስ በሽታን ማባረር ሳይሆን መጥራት ነው። ልማዱ ይቅር አልልም፤ የሚወድ ሰው ቅጠሉንና ገለባውን ያጢስ፣ ፌስታሉን ግን አስቀድሞ ይልቀምለት። ቅጣት ፈርታችሁ ያጠራቀማችሁትን ለማቃጠል ያሰባችሁም፣ በቤታችሁ ተቀምጦ ማንንም የማይነካውን ነገር የጎረቤታችሁ ሳንባ ውስጥ እንዳትከቱት እለምናለሁ።

ሕጉ አዲስ ነው ብለን የምናስብ ካለን እንሳሳታለን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ የማይበሰብሱ ፌስታሎች እንዳይመረቱና ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር፤ ገበያችንን ያጥለቀለቀው ግን በጣት ሲነኩት የሚቀደደው ያ ስሱ ፌስታል ነው። ይኸው አዋጅ እያንዳንዱ የቤተሰብ ኃላፊ ተመልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ፣ የከተማ አስተዳደሩም በቂ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንዲያዘጋጅ ያዝዝ ነበር። እኛም አልለየንም፣ እነሱም አላዘጋጁም። ስለዚህ የአዲሱን አዋጅ ቅጣት ብቻ ይዞ አደባባይ መውጣት የቀድሞው ለምን ወረቀት ላይ እንደቀረ ሳይመረምሩ መሮጥ ይሆናል።

ለመለየት የሞከሩ ሰዎች የሚያነሡት ቅሬታ አንድ ነው፤ «እኛ ለይተን ብንሰጥ ጋሪው ላይ ተመልሶ ይደባለቃል።» እውነታቸውን ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች ግን የሚወቀሱበት ምክንያት የለም፤ የተሰጣቸው አንድ ጋሪ ነው፣ የሚከፈላቸውም ጋሪውን በማራገፍ እንጂ በመለየት አይደለም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መላ አለ። በሳምንት አንድ ቀን ጋሪው ደረቅ ነገር ብቻ ይሰብስብ፤ ወይም በጋሪው ጎን አንድ ባዶ ጆንያ ይንጠልጠልና ንጹሕ ፌስታል እሱ ውስጥ ብቻ ይግባ። ቁራሌው በየበሩ እየጮኸ ቆርቆሮና ሃይላንድ ሲገዛ ፌስታል የማይገዛው ስለማይጠቅም አይደለም። አንዱ ስስ ፌስታል ጥቂት ግራም ብቻ ስለሚመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት ከመቶ በላይ ያስፈልጋል፣ የቆሸሸና የረጠበ ከሆነ ደግሞ ገዥ የለውም። ነገር ግን የአንድ ዕድር አባላት ሁሉ ከበር ጀርባ ያለውን ንጹሕና ደረቅ ፌስታል አንድ ላይ ቢያመጡ በኪሎ ሳይሆን በጆንያ የሚቆጠር ይሆናል፤ ለዚያ ያህል ጭነት የሚመጣ ገዥ መፈለግ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ከባድ አይሆንም።

እርጥቡን ቆሻሻ በተመለከተ መፍትሔው ያለው ማድ ቤት ውስጥ ነው። ክዳን ያለው አሮጌ ባልዲ ይበቃል፤ ከሥሩ ጋዜጣ ቢነጠፍ (የእናንተኑ፣ አንብበን ከጨረስን በኋላ፣ ይቅርታችሁን) ፈሳሹን ይመጥጣል፣ ባልዲውንም ማጠብ ይቀልላል። ግቢ ያለው ሰው ጥላ ሥር ጉልበት የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ ልጣጩን ይጨምር፣ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ጥቂት አፈር ይመልስበት፤ አመድ ከጥቂት በላይ አያብዛበት፣ ሥጋና አጥንት አይጨምርበት፣ ውሻና አይጥ ይጠራልና። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚወጣው ጥቁር አፈር ለጌሾውም ለማንጎውም ይስማማል። በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ይህን ማድረግ ስለማይችል ባልዲውን ያለ ፌስታል በቀጥታ ጋሪው ላይ ይገልብጥ፤ የሚሰበስቡት ልጆችም የማያዩትን ቋጠሮ በእጃቸው ከመፍታት ይድናሉ። ምላጭ፣ መርፌና ስባሪ ብርጭቆ ግን በምንም መንገድ ከእርጥቡ ጋር አይቀላቀል፤ ክዳኑ በሚዘጋ ሃይላንድ ወይም በቆርቆሮ ጣሳ ይጠራቀም። የቆሻሻ ሰብሳቢ እጅ በምላጭ ተሰንጥቆ ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ እንዲነገረው አይፈልግም። ያገለገለ ባትሪ ድንጋይም ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ።

ስለ ምትኩም ብዙ እየተወራ ነው፤ እኔ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። በፌስታል ፋንታ በየሱቁ የሚሸጠውና ጨርቅ የሚመስለው ባለ ቀለም ቦርሳ አብዛኛው ጨርቅ አይደለም፤ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ደጋግመው ከያዙት ይጠቅማል፤ እንደ ፌስታል በየቀኑ አዲስ ከገዙት ግን ወፍራም ፌስታል ገዛን ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያ ስንወጣ ዘንቢል እንያዝ። ከሐይቁ ዳር ቀረሶና አምባዛ የሚገዛ ሰው ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ቢሄድ ሻጩ በድርብ ፌስታል መጠቅለሉ ይቀርለታል። ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ገበያ ሲመጣ የኖረ አገር ነን፤ ዛሬም በአንዳንድ ገበያ እንዲያ ሆኖ ይመጣል።

መንግሥትም ራሱን ይመልከት። በየክረምቱ ለችግኝ ተከላ ስንወጣ ችግኙ የሚመጣው በጥቁር ፕላስቲክ ተሞልቶ ነው፤ ሥሩ እንዲይዝ ፕላስቲኩ ይቀደድና እዚያው ተራራው ላይ ይጣላል። የቤት እመቤትን በአንድ ፌስታል 2 ሺህ ብር የሚቀጣ ሕግ ባለበት አገር በዘመቻ ተራራ ላይ የሚቀረው ፕላስቲክ ጠያቂ ሊኖረው ይገባል። ከተከላው በኋላ የሚለቅሙ ሁለት ሰዎችና አንድ ጆንያ በየቡድኑ መመደብ ምን ያህል ያስወጣል?

ከሁሉ በፊት ግን የከተማችን አስተዳደር እነዚህን ነገሮች በሬዲዮም በየቀበሌውም በግልጽ እንዲነግረን እጠይቃለሁ፦ በቤቱ ያጠራቀመውን ንጹሕ ፌስታል ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያስረክብበት ቦታ በየቀበሌው የት ነው፤ የደረቅ ቆሻሻ ጋሪ የሚመጣበትስ ቀን መቼ ነው፤ ደግሞም ለማስረከብ ይዞ ሲሄድ በመንገድ ላይ የተገኘ ሰው አይቀጣም ወይስ ይቀጣል? የመጨረሻው መልስ በጽሑፍ ቢወጣ ይመረጣል፤ ጓሮ ወጥተው ያቃጠሉት ሰዎች የፈሩት እሱኑ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር